የጥርስ ልኬት፦ ሺማኖ፣ ሰንቱርና ስራም በተራራ ብስክሌት ማርሽ ላይ ያካሄዱት የስልሳ ዓመት ፉክክር

በ1980ዎቹ መገባደጃ ላይ ለአንድ ብስክሌት አምራች ኩባንያ የ10 በመቶ ቅናሽ ቀላል ነገር አልነበረም። ዘርፉ ብዙ ተፎካካሪና ጥቂት ትርፍ ያለበት በመሆኑ፣ በዕቃ መግዣ ዋጋ ላይ የሚገኝ እንዲህ ያለ ቅናሽ አንድን ፋብሪካ በገበያው ውስጥ ሊያቆየው ወይም ከገበያው ሊያስወጣው ይችላል። ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቅናሹን የሚሰጠው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ የብስክሌቱን ማርሽ የሚቀይሩትና ኃይልን ከፔዳል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሱት ክፍሎች በሙሉ የእርሱ ሥሪት መሆን አለባቸው። አምራቹ መሪው ላይ የምትታሰረውን የማርሽ መቀየሪያ ብቻ ከሌላ ቢገዛ እንኳ ቅናሹን ያጣል። በቺካጎ ከተማ በ1987 የተቋቋመው ስራም የሚባል ትንሽ ኩባንያ ደግሞ በዚያን ጊዜ የሚሸጠው ያችኑ መቀየሪያ ብቻ ነበር። በ1990 ስራም ሺማኖን ፍትሐዊ ያልሆነ የንግድ አሠራር ፈጽሟል በማለት ከሰሰ።

ይህ ክስ ዛሬ ከብስክሌት ወዳጆች በቀር የሚያስታውሰው ብዙ ሰው የለም። ነገር ግን የኢንዱስትሪ ፖሊሲን፣ የውድድር ሕግንና የፈጠራ መብትን ለሚያጠና ሰው፣ የተራራ ብስክሌት ማርሽ ታሪክ ከመጠኑ በላይ ብዙ ያስተምራል። በስልሳ ዓመት ውስጥ አንድ የተሻለ ፈጠራ የነበረው ኩባንያ ወድቋል፤ አንድ ኩባንያ ገበያውን ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ይዟል፤ አንድ አዲስ ገቢም ያንን ጥቅል ሰብሮ ገብቶ በተራው የራሱን ጥቅል ሠርቷል። በሦስቱም ምዕራፎች ፉክክሩን የወሰነው የአንዱ ዕቃ ከሌላው መላቅ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ይልቅ ክብደት የነበረው ጥያቄ የየትኛው ዕቃ ልኬት ከየትኛው ጋር ይገጥማል፣ ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ

ሳካይ በኦሳካ አቅራቢያ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፖርቱጋል ጠመንጃ ወደ ጃፓን ከገባ በኋላ የሳካይ አንጥረኞች ያንን መሣሪያ አስመስለው በብዛት በመሥራት ታወቁ። ቢላዋ ሠሪዎቿም እስከ ዛሬ ስመ ጥር ናቸው። ብስክሌት ወደ ጃፓን ሲገባ ቱቦ መብሳትና ብረት ማሳመር የሚያውቁት እነዚህ እጆች ወደ ጥገናው፣ ቀጥሎም ወደ መለዋወጫ ሥራው ተሻገሩ። ብረት ሠሪን «ቀጥቃጭ» ብሎ በሚንቅ ማኅበረሰብ ውስጥ ላደገ አንባቢ ይህ የሙያ ቅብብሎሽ የራሱ ትምህርት አለው፤ በሳካይ የትውልድ እጅ ሙያ ሳይቋረጥ ከጠመንጃ ወደ ብስክሌት፣ ከአንጥረኛ ቤት ወደ ፋብሪካ አልፏል።

ሾዛቡሮ ሺማኖ በ1921 በዚችው ከተማ የብረት ሥራ ድርጅቱን ሲከፍት የመጀመሪያ ምርቱ አንድ ነበር፤ ብስክሌተኛው ፔዳል መምታቱን ቢያቆምም ጎማው መሽከርከሩን እንዲቀጥል የሚያደርገው የኋላ ባለ ጥርስ ክፍል። ይህ ዕቃ ትንሽ ቢሆንም ጠንካራ ብረትና ትክክለኛ ልኬት የሚጠይቅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመሥራቹ ልጆች ኩባንያውን ተረክበው ሁለት ውሳኔዎችን ወሰኑ። አንደኛው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብረትን በእሳት ሳያግሉ በከባድ ግፊት የመቅረጽ ቴክኖሎጂን ማስገባታቸው ነው፤ ይህም የተስተካከለ ልኬት ያለውን ዕቃ በብዛትና በአነስተኛ ወጪ ለማምረት አስቻላቸው። ሁለተኛው በ1965 በአሜሪካ የራሳቸውን ቅርንጫፍ ኩባንያ ማቋቋማቸው ነው። የጃፓን አምራቾች በንግድ ወኪሎች በኩል መሸጥ በለመዱበት ዘመን ሺማኖ ከደንበኛው ጋር በቀጥታ መነጋገርን መረጠ።

የተሻለው ፈጠራ ለምን ተሸነፈ?

ከሺማኖ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በኦሳካ አካባቢ፣ በ1912 የተመሠረተው የማዬዳ ብረታ ብረት ድርጅት ነበር። ምርቶቹ ለዓለም የቀረቡት ሰንቱር በሚል ስም ነው። በ1964 የዚህ ኩባንያ መሐንዲስ ኖቡዎ ኦዛኪ የማርሽ ታሪክን የቀየረ ፈጠራ አወጣ።

የፈጠራውን ዋጋ ለመረዳት የኋላ ማርሽ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከኋላ ጎማው ጎን መጠናቸው የተለያየ ባለ ጥርስ ቀለበቶች ተደርድረዋል። ከሥራቸው የተንጠለጠለ ክንድ ሰንሰለቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። እስከዚያ ዘመን ድረስ ይህ አሻጋሪ ክንድ በአመዛኙ ወደ ጎን በአግድም ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ቀለበቶቹ ግን ከትንሹ ወደ ትልቁ እየሰፉ ስለሚሄዱ በክንዱና በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት በየቀለበቱ ይለያያል፤ ርቀቱ ሲሰፋ ሰንሰለቱ ይዘገያል። ኦዛኪ ክንዱ በሰያፍ እንዲጓዝ አደረገ። ወደ ትልቁ ቀለበት ሲሄድ ዝቅ፣ ወደ ትንሹ ሲመለስ ከፍ ስለሚል ከጥርሶቹ ያለው ርቀት ሁልጊዜ ተቀራራቢ ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የኋላ ማርሽ አሻጋሪ ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚከተለውም ይህንኑ ነው።

ሰንቱር ፈጠራውን በፓተንት አስጠበቀ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካውያን ብስክሌት ለመግዛት ሲሻሙ፣ በ1973 ብቻ በአገሪቱ ወደ 15 ሚሊዮን ብስክሌት ሲሸጥ፣ የአውሮፓ አምራቾች ፍላጎቱን ማሟላት ተሳናቸው። ክፍተቱን የሞሉት የጃፓን ኩባንያዎች ናቸው። ሰንቱርም ከውድ የአውሮፓ ዕቃ የተሻለ የሚሠራ አሻጋሪ በርካሽ እየሸጠ ሰፊ ገበያ ያዘ። ሺማኖ በበኩሉ የተፎካካሪውን ፓተንት መንካት ስለማይችል ለሃያ ዓመታት በሌላ መንገድ ሲሞክር ኖረ። ከሙከራዎቹ መካከል የከሸፉ ነበሩ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለርካሽ ብስክሌቶች ያቀረበው፣ ማርሽን በተወሰነ እርከን የሚቀይረው ፖዚትሮን የተባለው ሥሪት በብስክሌት አዋቂዎች ዘንድ አልተከበረም። በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ ነፋስን እንዲሰነጥቅ ተብሎ የተነደፈው ኤ ኤክስ የሚል ስያሜ ያለው የዕቃ ስብስብም ገበያ አጣ።

በ1984 የሰንቱር የአሜሪካ ፓተንት ዘመኑ አበቃ። ሺማኖ በዚያው ወቅት ዱራ ኤስ በተባለው የእሽቅድምድም ስብስቡ አዲስ ሥርዓት አወጣ። እስከዚያ ድረስ ብስክሌተኛ ማርሽ የሚቀይረው በስሜት ነበር፤ ማንሻውን ገፋ አድርጎ፣ ሰንሰለቱ መያዙን በጆሮው አድምጦ፣ ካልያዘ መልሶ ያስተካክላል። በአዲሱ ሥርዓት ማንሻው «ቀጭ» ሲል አንድ ማርሽ ይቀየራል፤ መገመት የለም። ሺማኖ ይህን ያደረገው የተፎካካሪውን ሰያፍ ክንድ ወስዶ የራሱን የሃያ ዓመት ሙከራ ስለጨመረበት ነው።

ወሳኙ ነገር ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ማንሻው አንድ ጊዜ «ቀጭ» ሲል አሻጋሪው በትክክል አንድ ቀለበት እንዲሻገር ከተፈለገ፣ የሽቦው ርዝመትና ግትርነት፣ የሽቦው ማቀፊያ፣ የአሻጋሪው ክንድ፣ የቀለበቶቹ ርቀትና የሰንሰለቱ ውፍረት እርስ በርሳቸው የተስማሙ መሆን አለባቸው። ቀድሞ የብስክሌተኛው ጆሮና እጅ የሚያስታርቁትን ልዩነት አሁን ልኬት ብቻ ነው የሚያስታርቀው። ስለዚህ ሺማኖ ዕቃዎቹን በአንድነት እንጂ በተናጠል መሸጥ የማይፈልግበት የምሕንድስና ምክንያት ነበረው። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ለንግዱም በእጅጉ ተስማማው።

ሰንቱር ለዚህ የሰጠው መልስ ዘግይቶ መጣ። አኩሺፍት የተባለው የራሱ ሥርዓት ከሌሎች አምራቾች ሰንሰለትና ጥርስ ጋር ተቀላቅሎ እንዲሠራ ስለፈቀደ፣ ለገዢው ነጻነት ቢሰጥም የአቀያየሩን ጥራት ጎዳው። ሺማኖ ከላይ፣ ከውዱ ዕቃ ጀምሮ ስሙን ካስከበረ በኋላ ወደ ርካሹ ሲወርድ፣ ሰንቱር ገዢውን ገና ባልተስተካከለ ዕቃ አስተዋወቀ። በዚህ መካከል የመስከረም 1985 የፕላዛ ስምምነት መጣ። ከስምምነቱ በፊት አንድ ዶላር ወደ 240 የን ይመነዘር ነበር፤ በ1988 ወደ 130 የን አካባቢ ወረደ። ዕቃውን በዶላር የሚሸጥ የጃፓን አምራች ገቢው በየን ሲሰላ በግማሽ ያህል ተቀነሰ። ርካሽነትን መለያው ያደረገው ሰንቱር ይህን መሸከም አልቻለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ነጻነቱን አጥቶ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ስሙ ወደ ታይዋን ተሻገረ፤ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በሹካ እገዳ (ሰስፔንሽን) ነው።

የምንዛሪው ማዕበል ግን ሺማኖንም መትቶታል። ልዩነቱ ሺማኖ በዚያን ጊዜ ዋጋ ቢጨምርም ደንበኛው ሊተወው የማይችለው ዕቃ በእጁ መኖሩ ነው።

ተራራው

ይህ ሁሉ ሲሆን በካሊፎርኒያ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን በሚገኘው በማሪን አውራጃ የጥቂት ወጣቶች ጨዋታ ወደ ኢንዱስትሪ እየተለወጠ ነበር። ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝ፣ ቻርሊ ኬሊና ጓደኞቻቸው ከ1930ዎቹና 1940ዎቹ የተረፉ ወፍራም ጎማ ያላቸውን ብስክሌቶች እያደሱ ከታማልፓይስ ተራራ ግርጌ ባሉ የአፈር መንገዶች ቁልቁል ይሽቀዳደሙ ነበር። ሪፓክ የተባለው ውድድር በ1976 ተጀመረ። ወጣቶቹ የተራራ ብስክሌት የሚባል ዕቃ በገበያ ላይ ስላልነበር ያገኙትን ሁሉ ይገጣጥሙ ነበር፤ የፍሬን መያዣ ከሞተር ብስክሌት፣ የፔዳል ክንድ ከፈረንሳይ የጉዞ ብስክሌት፣ ማርሽ ከጃፓን።

በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐርን በብዛት አምርቶ ሲያቀርብ የመጀመሪያዎቹ ብስክሌቶች የተገጠመላቸው የሰንቱር አሻጋሪ ነበር። ሰንቱር በተራራው ላይ ቀድሞ የደረሰ ኩባንያ ነው ማለት ይቻላል። ሺማኖ በ1982 ዲኦሬ ኤክስ ቲን አወጣ። ይህ ለተራራ ብስክሌት ብሎ በአንድነት የተነደፈ የሺማኖ የመጀመሪያው የዕቃ ስብስብ ነው። ከዚያ በኋላ ጭቃና ድንጋይ የሺማኖ የምርምር ሜዳ ሆኑ። በ1980ዎቹ መገባደጃ የወጣው ሃይፐርግላይድ በቀለበቶቹ ገጽ ላይ ሰንሰለቱን የሚያወጡ መሰላል መሰል ቅርጾችን በመቅረጽ ብስክሌተኛው ዳገት እየገፋ ሳለ እንኳ ማርሽ እንዲቀይር አስቻለው። በ1992 ኤክስ ቲ አር ለውድድር ቀረበ። የጣሊያኑ ካምፓኞሎ፣ በ1933 በቪቼንሳ የተመሠረተውና በመንገድ እሽቅድምድም ዓለም የተከበረው ኩባንያ፣ ወደ ተራራው ለመግባት ሞክሮ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተመለሰ።

በዚህ ሁኔታ አንድ የብስክሌት አምራች ፍሬሙን የፈለገውን ቀለም ይቀባዋል፣ ስሙን በትልቁ ይጽፍበታል፤ ብስክሌቱ ምን እንደሚችል የሚወስነው ግን ሳካይ የሚገኘው የመለዋወጫ አምራች ሆነ። ሰባስቲያን ፊክሶንና ጂን ኪዩ ፓርክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ለውጥ መርምረዋል። ቀድሞ ክፍሎቹ ተነጣጥለው የሚገዙበትና ብዙ አምራቾች የሚፎካከሩበት ዘርፍ፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ ሲቆላለፉ የተፎካካሪዎቹ ቁጥር እንደተመናመነ አሳይተዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሲታይ ሊበለጥ ቢችልም በአንድነት የሚበልጠው አልተገኘም።

በሩን የከፈተው ክስ

የስራም ስም ከሦስት መሥራቾቹ ስሞች የተውጣጣ ነው፤ ከስኮት፣ ከሬይና ከሳም። የመጀመሪያ ምርታቸው ግሪፕ ሺፍት የተባለው፣ እንደ ሞተር ብስክሌት ነዳጅ መስጫ በመዳፍ የሚጠመዘዝ የማርሽ መቀየሪያ ነበር። ክፍሎቹ ጥቂት፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ከሺማኖ አሻጋሪ ጋርም እንዲስማማ ሆኖ ተሠርቷል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። አዲስ ገቢ የገዢውን ገበያ የሚያገኘው በነባሩ ልኬት ውስጥ ገብቶ ነው። ነባሩ ደግሞ ያንን መግቢያ በምሕንድስና ባይዘጋው እንኳ በዋጋ ሊዘጋው ይችላል፤ የ10 በመቶው ቅናሽ ያደረገውም ይህንኑ ነው።

ክሱ ወደ ፍርድ ሳይደርስ በ1991 በስምምነት ተዘጋ። የተከፈለው ገንዘብ አልተገለጸም። ዋናው ውጤት ግን የብስክሌት አምራቾች የሺማኖን ቅናሽ ሳያጡ የስራምን ዕቃ መግዛት መቻላቸው ነው። በዚያው ዓመት ግሪፕ ሺፍት ወደ ተራራ ብስክሌት ገባ።

በውድድር ሕግ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ገናናውን ኩባንያ እንከፋፍለው ወይስ እንተወው የሚል ነው። በዚህ ጉዳይ ሺማኖ አልተከፋፈለም፤ የገበያ ድርሻውም ወዲያው አልወረደም። የተነሣው አንድ የውል አንቀጽ ብቻ ነው። ያ ግን ለአንድ ትንሽ ኩባንያ የመተንፈሻ ቀዳዳ ሆነው። ቀዳዳው በቂ አልነበረም፤ ያለ እርሱ ግን ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ረጅም የግንባታ ዘመን ነው። በ1995 ስራም የራሱን የኋላ አሻጋሪ አወጣ። በሺማኖ ሥርዓት ሽቦው አንድ ሚሊ ሜትር ሲሳብ ክንዱ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ርቀት ይንቀሳቀሳል፤ ስራም ግን አንድ ለአንድ የሆነ ምጣኔን መረጠ። ረጅም የሽቦ እንቅስቃሴ በጭቃና በዝገት የሚመጣውን ስህተት ያሳንሳል የሚል ክርክር ነበረው። ክርክሩ ምሕንድስናዊ ነው፤ ውጤቱ ግን የንግድም ነበር። የስራም አሻጋሪ ያለው ሰው የስራምን መቀየሪያ መግዛት ግድ ሆነበት። በተፎካካሪው ልኬት ውስጥ ተሸሽጎ የገባው ኩባንያ አቅም ሲያገኝ የራሱን ልኬት አወጀ።

በ1997 ስራም የጀርመኑን የዛክስ የብስክሌት ክፍል ገዛ። ዛክስ በሽቫይንፉርት ከተማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የጎማ ሞዞ ሲሠራ የኖረ፣ ቀደም ብሎም የፈረንሳይ አሻጋሪና ሰንሰለት አምራቾችን የጠቀለለ ቤት ነበር። አንድ የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው የቺካጎ ኩባንያ በአንድ ግዢ የመቶ ዓመት የአውሮፓ ዕውቀት ወረሰ። በ2002 የፊት እገዳ አምራቹን ሮክ ሾክስን፣ በ2004 የፍሬን አምራቹን አቪድንና የፔዳል ክንድ አምራቹን ትሩቫቲቭን ጨመረ። ማምረቻውን በታይዋን ታይቹንግ አስፋፋ። ሺማኖ ሙሉ ስብስቡን በራሱ ጓዳ ሲያበስል፣ ስራም ሙሉ ስብስቡን በግዢ አሰባሰበ። መንገዳቸው ቢለያይም የደረሱበት ቦታ አንድ ነው፤ ሁለቱም ለአምራቹ «ሁሉንም ከእኔ ውሰድ» ማለት ቻሉ።

ማርሽ በመቀነስ ማሸነፍ

እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ድረስ የተራራ ብስክሌት ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ዘጠኝ ቀለበት ነበረው። ፉክክሩ ቁጥር በመጨመር ነበር። ስራም በ2009 ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አሥር ቀለበት ያለውን ኤክስ ኤክስ አወጣ። በ2012 ደግሞ ኤክስ ኤክስ 1 ከፊት አንድ ቀለበት ብቻ አስቀረ፤ ከኋላ ከ10 እስከ 42 ጥርስ የሚደርሱ 11 ቀለበቶች ተደረደሩ። የፊት አሻጋሪው፣ መቀየሪያውና ሽቦው ሙሉ በሙሉ ተወገዱ።

አንድ የፊት ቀለበት ብቻ ሲኖር ሰንሰለቱን የሚጠብቅ አሻጋሪ ስለማይኖር በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ሰንሰለቱ እንዳይወድቅ ሌላ መላ ያስፈልጋል። የስራም መልስ ጥርሶቹን አንዱን ሰፊ፣ ቀጣዩን ጠባብ አድርጎ ማፈራረቅ ነበር፤ የሰንሰለት ማያያዣዎች በተፈጥሯቸው አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ስለሆኑ ጥርስና ሰንሰለት እንደ ቁልፍና ጋን ይገጣጠማሉ። ሌላው መላ በአሻጋሪው ክንድ ውስጥ ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዝ ማቆሚያ ማስገባት ነበር። የሚገርመው ይህን በ2011 ቀድሞ ለገበያ ያቀረበው ራሱ ሺማኖ መሆኑ ነው። የአዲሱ ሥርዓት ግማሽ መልስ በሺማኖ እጅ ነበር፤ እርምጃውን ግን ተፎካካሪው ወሰደው።

ለምን? በ2014 የታደሰው የሺማኖ ኤክስ ቲ አር መልሱን ይጠቁማል። ሺማኖ ከፊት አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም ቀለበት የሚፈልግ ደንበኛ እንዲያገኝ አድርጎ ነበር ያቀረበው። የኋላው ትልቁ ቀለበት 40 ጥርስ ብቻ ነበረው። በመላው ዓለም ያሉትን ነባር ደንበኞቹን ማስከፋት የማይፈልግ ገናና ኩባንያ ለሁሉም ምርጫ ይሰጣል፤ ለሁሉም ምርጫ የሚሰጥ ደግሞ ለማንም ሙሉ በሙሉ አይነድፍም። ስራም የሚያጣው የፊት አሻጋሪ ገበያ አነስተኛ ስለነበር ያንን ገበያ ራሱ ሊገድለው ደፈረ። የፍሬም ነዳፊዎችም የፊት አሻጋሪው ሲቀርላቸው ለኋላ እገዳና ለሰፋፊ ጎማ ቦታ ስላገኙ ከስራም ጎን ቆሙ። በ2016 ኢግል የተባለው ባለ 12 ቀለበት ሥርዓት ከ10 እስከ 50 ጥርስ ይዞ ወጣ። ሺማኖ በ12 ቀለበት መልስ የሰጠው በ2018 ነው፤ ከ10 እስከ 51 ጥርስ።

የነጻ ስጦታ ዋጋ

ከ11 ጥርስ ያነሰ ቀለበት በነባሩ የሺማኖ ሞዞ ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ሁለቱም ኩባንያዎች አዲስ የሞዞ ልኬት መፍጠር ነበረባቸው፤ በዚህ ላይ የተከተሉት ፖሊሲ ግን ተለያየ። ስራም ኤክስ ዲ የተባለውን ልኬት ሞዞ አምራቾች ሁሉ በነጻ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ሺማኖ በ2018 ማይክሮ ስፕላይን የተባለውን የራሱን ልኬት ሲያወጣ መጀመሪያ ላይ ፈቃዱን የሰጠው በጣም ለተወሰኑ አምራቾች ነበር፤ በኋላ ነው ያሰፋው። በመካከሉ የሺማኖን አዲስ ማርሽ የሚፈልግ ሰው የሚገጥምለት ጎማ ለማግኘት ተቸገረ።

የበለጠ የሚያስተምረው ግን በ2019 የሆነው ነው። የኋላ አሻጋሪ በፍሬሙ ላይ የሚንጠለጠልበት ትንሽ የብረት ማንጠልጠያ አለ፤ ብስክሌቱ ሲወድቅ ፍሬሙ እንዳይጎዳ ቀድሞ የሚሰበረው እርሱ ነው። እያንዳንዱ የፍሬም አምራች የራሱን ቅርጽ ስለሚሠራ በዓለም ላይ የማንጠልጠያ ዓይነቱ ስፍር ቁጥር አልነበረውም። ስራም አንድ ወጥ ማንጠልጠያ ነድፎ ልኬቱን ለፈለገ ሁሉ በነጻ ሰጠ። የጥገና ሠራተኞች ተደሰቱ፤ የፍሬም አምራቾችም ወጪያቸው ስለቀነሰ በየዓመቱ በብዛት ተቀበሉት።

በ2023 ስራም ማንጠልጠያ የማያስፈልገውን፣ በፍሬሙ ላይ በቀጥታ የሚታሰረውን ገመድ አልባ አሻጋሪ አወጣ። የሚታሰረው የት ነው? ያ በነጻ የተሰጠው ማንጠልጠያ ከፍሬሙ ላይ ሲነሣ በሚቀረው ቦታ ላይ። በአራት ዓመት ውስጥ የፍሬም አምራቾች ሳያስቡት ለስራም አዲስ ምርት የሚሆን መቀመጫ በገዛ ወጪያቸው ሠርተው ነበር። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየ በሬ ሆኑ ማለት ግን ፍርዱን ያጋንነዋል፤ ማንጠልጠያው እውነተኛ ችግር ፈትቷል፣ የሺማኖ አሻጋሪም ይታሰርበታል። ቁም ነገሩ ክፍት የሆነ ልኬት ከዝግ ልኬት ያላነሰ የገበያ ኃይል ሊሆን መቻሉ ነው። ልኬቱን የሚነድፈው ወገን በነጻ ቢሰጠውም እንኳ ቀጣዩ እርምጃ ወዴት እንደሆነ ከሌሎች ቀድሞ ያውቃል።

ፓተንት የሚጠብቀውና የማይጠብቀው

የሰፊና ጠባብ ጥርስ ሐሳብም ወደ ሙግት አምርቷል። ስራም በ2015 የካናዳውን ሬስ ፌስን በፓተንት ጥሰት ከሰሰ። የሬስ ፌስ ባለቤት ፎክስ ፋክተሪ በበኩሉ ፓተንቶቹ መጀመሪያውኑ ሊሰጡ አይገባም ነበር ብሎ በአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት ተከራከረ። መሥሪያ ቤቱ ለስራም ሲፈርድ ከተመለከታቸው ማስረጃዎች አንዱ ምርቱ በገበያ ያገኘው ስኬት ነበር። በታኅሣሥ 2019 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአንደኛው ፓተንት ላይ ይህን ውሳኔ ሻረው። ምክንያቱም የተሸጠው ቀለበት በፓተንቱ የይገባኛል አንቀጽ ውስጥ ያልተጻፉ ሌሎች ጠቃሚ ባሕርያት ስለነበሩት፣ ስኬቱ የመጣው ከተጠበቀው ፈጠራ ነው ብሎ እንዲሁ መገመት አይቻልም የሚል ነው። በ2020 ግን ጥርሱ የሰንሰለቱን ክፍተት ምን ያህል መሙላት እንዳለበት በግልጽ የደነገገው ሌላው ፓተንት ጸና።

ሁለቱ ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ከሰንቱር ታሪክ ጋር ይገናኛሉ። ሰንቱር ሃያ ዓመት የጸና ፓተንት ይዞ በዙሪያው ሌላ ነገር አልገነባም፤ ፓተንቱ ባበቃ ማግስት ባዶ እጁን ቀረ። ስራም ፓተንቶቹ እየተናጉ እንኳ ቦታውን አላጣም፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ጥርሱ የአንድ ትልቅ ሥርዓት አንድ ክፍል ሆኖ ነበር።

ሁለቱ ከነገሡ በኋላ

ዛሬ በተራራ ብስክሌት ላይኛው ገበያ ምርጫው በመሠረቱ ከሁለቱ አንዱ ነው። የስራም ብርታት በገመድ አልባ አቀያየርና በፍሬሙ ላይ በቀጥታ መታሰር ነው፤ የሺማኖ ብርታት በጫና ውስጥ በለሰለሰ አቀያየር፣ በጽናትና ከታች እስከ ላይ በተዘረጋ የዋጋ እርከን። ሺማኖ በ2023 ኪውስ በሚል ስም ለዝቅተኛውና ለመካከለኛው ገበያ ያወጣቸው ባለ 9፣ ባለ 10ና ባለ 11 ማርሽ ስብስቦች ብዙ ክፍሎቻቸው እንዲለዋወጡ ተደርገዋል። ለዓመታት በየእርከኑ የበዛውን አለመግባባት ራሱ ማቅለል መጀመሩ ነው። በ2025 ደግሞ ኤክስ ቲ አር ገመድ አልባ ሆኖ ወጣ። ከታች የታይዋኑ ማይክሮ ሺፍትና የቻይናው ኤል ቱ በርካሹ ገበያ በኩል እየገቡ ናቸው፤ ልክ ሰንቱርና ሺማኖ አውሮፓውያኑን እንደገቡባቸው።

ከዚህ ታሪክ ለኢንዱስትሪ ፖሊሲ የሚተርፈው ምንድን ነው? ኢትዮጵያን ጨምሮ ከመገጣጠም ተነሥተው ወደ ማምረት ለመሸጋገር የሚያስቡ አገሮች ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት ከፋብሪካው በር የሚወጣውን የተጠናቀቀ ዕቃ ብዛት ነው። በብስክሌት ዘርፍ ግን ስሙን በፍሬሙ ላይ የሚጽፈው ወገን ለዐሠርት ዓመታት የመደራደር አቅሙን ከመዳፍ ለማይበልጥ ዕቃ አምራች አስረክቦ ኖሯል። ሺማኖ የጀመረው ብስክሌት በመገጣጠም አልነበረም፤ ማንም በቀላሉ በጥራት ሊሠራው የማይችለውን አንድ ዕቃ በመሥራት ነው። በስተጀርባውም የአንድ ከተማ የብረት ሙያ ነበረው።

የምንዛሪ ለውጥም እንዲሁ ነው። የፕላዛ ስምምነት በሰንቱርና በሺማኖ ላይ እኩል ወረደ፤ አንዱን ገደለ፣ ሌላውን አላቆመውም። በርካሽ ገንዘብ ላይ የቆመ የወጪ ንግድ ገንዘቡ በተወደደ ዕለት የሚያቀርበው ሌላ ነገር ሊኖረው ይገባል። የውድድር ሕግም ለብቻው ተፎካካሪ አይፈጥርም፤ የ1991ዱ ስምምነት የሰጠው ዕድል ብቻ ነው። ያንን ዕድል ወደ እኩያነት ለመለወጥ ስራም ከሃያ ዓመት በላይ ምሕንድስና፣ ግዢና ትዕግሥት አስፈልጎታል። ዕድሉ ባይሰጠው ግን ትዕግሥቱ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም ነበር።

የቀረው ጥያቄ ለተቆጣጣሪዎች የሚቀርብ ነው። በ1990 ክስ የቀረበበት ጥቅል ቅናሽ በወረቀት ላይ የተጻፈ ስለነበር ሊነበብና ሊከሰስ ይችል ነበር። ዛሬ አሻጋሪው ከመቀየሪያው ጋር የሚነጋገረው በተመሰጠረ የሬዲዮ ምልክት ነው፤ የአንዱ ኩባንያ መቀየሪያ የሌላውን አሻጋሪ እንዳያዝ የሚከለክል የውል አንቀጽ አያስፈልግም። መሥራት አለመቻሉ ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው አዲስ ገቢ ሲመጣ የሚከሰው ቅናሽ ላያገኝ ይችላል።